ጥቁር ካናቴራ ለብሶ ባሕር ዳር መግባት

ባሕር ዳር ውስጥ ጥቁር ካናቴራ የለበሰ ጎልማሳ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ የሰይጣን ወዳጅ። ኑሮዬን ሃምቡርግ ያደረግሁ የሄቪ ሜታል ሙዚቃ አፍቃሪ ነኝና በዚህ ጥር ወላጆቼን ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ ሁለቱንም ማዕርግ በአንድ ቀን ተቀበልሁ። ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ከአጥሩ ማዶ አይተውኝ «ውይ ልጄ፣ ማን ሞተብህ? እናትህስ እንዴት ሳትነግረኝ?» እያሉ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ሲሉ ነው የደረስሁባቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ደረቴ ላይ የታተመውን የራስ ቅል ትክ ብሎ ከተመለከተ በኋላ «ይህን ለብሰህ በጊዮርጊስ በር እንዳታልፍ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

በእትዬ ጥያቄ ቅር አልተሰኘሁም፤ ሰው ለመሆን የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የሄቪ ሜታሉ ባንድ የብላክ ሳባዝ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርን ባረፈ ጊዜ፣ የትውልድ ከተማው የእንግሊዟ በርሚንግሃም ሕዝብ ጎዳና ላይ ወጥቶ አስከሬኑን ሲሸኝ፣ ጥቁር የለበሰው ሁሉ የምር ሐዘንተኛ ነበር። ያንገበገበኝ የሁለተኛው ነው። አንድም ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሳይሰማ «የሰይጣን ጩኸት» ብሎ ፍርድ የሰጠው የአጎቴ ልጅ፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ጣና ዳር ወዳለ አዳራሽ ሠርግ ይዞኝ ሄደ። በበሩ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሞንታርቦ ተደርድሯል። ኪቦርዱ ሲነሳ የጠረጴዛው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዲት እናት ጨቅላ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት እስክስታ ትወርዳለች፤ አንድም ሰው «የልጁ ጆሮ» አላለም። እኔ «ጩኸት» ወዳዱ ግን በጀርመን አገር የሜታል ዝግጅት ላይ የጆሮ መድፈኛ ሳልይዝ ቆሜ አላውቅም፤ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆችም የልጆቹን ጆሮ በትልልቅ መከላከያ ሸፍነው ነው የሚያስገቡት።

ጀርመን አገር የሰው ያለህ የሚያሰኝ አገር መሆኑን የኖረበት ያውቀዋል። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ ለዓመታት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከአንዲት ሰላምታ ሌላ ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም። ታዲያ እኔን ከብቸኝነት ያወጣኝ ማኅበርም ዕድርም ሳይሆን፣ እነዚህ ጠጉራቸውን ያስረዘሙ፣ ክንዳቸው ላይ ቦታ እስኪጠፋ የተነቀሱ ሰዎች ናቸው። በሰሜን ጀርመን ቫከን የምትባል ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የገበሬ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ የሜታል ፌስቲቫል ይካሄድባታል፤ ዛሬ ከሰማንያ ሺህ በላይ ሰው ይታደምበታል። የመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የነፋስ መሣሪያ ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጫወታል፤ አሮጊቶቹም ለባለጥቁሮቹ እንግዶች ኬክ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዝናቡ መስኩን ረግረግ አድርጎት መግቢያው እስኪዘጋና መኪና በትራክተር እስኪጎተት ደርሶ ነበር።

እዚያ ያየሁትን አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከመድረኩ ፊት ለፊት ሰው እርስ በርሱ እየተገፋፋ የሚዘልበት ክብ አለ፤ ከሩቅ ለሚያየው ጠብ ይመስላል። በዚያ ግፊያ መካከል አንድ ልጅ እግሩን ስቶ ወደቀ። ከመቅጽበት ዙሪያውን የነበሩት ክንዳቸውን ዘርግተው ከሕዝቡ ከለሉት፤ ሁለቱ ብብቱን ይዘው አነሡት፤ ሦስተኛው የወለቀ ጫማውን ከጭቃው ውስጥ ፈልቅቆ ባለቤቱ እስኪያየው ድረስ ከራሱ በላይ አንጠልጥሎ ያዘው። ስሙን የጠየቀ፣ ከየት መጣህ ያለ አልነበረም። የወደቀን ማንሣት የእኛ ብቻ ባሕል ነው እየተባልሁ ያደግሁ በመሆኔ፣ ይህን ማየቴ ለጊዜው አናድዶኛል ብል አልዋሸሁም።

የሰይጣን ነው የሚባለው የእጅ ምልክትም እንዲሁ ነው። አመልካች ጣትንና ትንሿን ጣት ቀስሮ እንደ ቀንድ ማሳየትን በሜታል ዓለም ያስለመደው ድምፃዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ሲሆን፣ የተማረውም ከጣሊያናዊት አያቱ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ አያቱ የሰው ዓይን እንዳይበላት የምትከላከልበት ምልክት ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ ባስረዳው አልሰማኝም። እርሱ ግን ቡዳ እንዳይበላው አንገቱ ላይ ክታብ ታስሮለት ያደገ ሰው ነው።

ድምፁስ ቢሆን ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነውን? በዐቢይ ጾም ቤታችን በገና ይደረደር ነበር። ያ ሆድ የሚያባባ መነዛዘር የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ያለ እርሷ በገና በገና አይሆንም። የሜታል ጊታር ክብደትም እንዲሁ ከጥራት የመጣ አይደለም። የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ በኋላም ክሩ እንዳይከብደው አላላው፤ ያን ጊዜ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ያ ጥቁር ክብደት መጣ። ሐዘንን በወፍራም ክር መናገር ከእኛ በላይ የሚገባው ሕዝብ አለ ብዬ አላምንም።

ይህን ሁሉ የምለው ለራሴ ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም፤ እኔስ ካናቴራዬን ለብሼ ተመልሼ እሄዳለሁ። ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቡና ስጠጣ አንድ ወጣት ደረቴን አይቶ ጎንበስ አለና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው በዝግታ የባንዱን ስም ጠራልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ጊታርና አንድ ከበሮ አላቸው፤ መለማመጃ ቦታ ግን የለም። የተከራዩትን ክፍል አከራያቸው አስለቅቋቸዋል። ከዚያም አንድ አዳራሽ በሥራ ቀን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ለሁለት ሰዓት እንዲያከራያቸው ጠይቀው ባለቤቱ «ጩኸት ለጎረቤት አይመችም» ብሎ መለሳቸው። የትኛው አዳራሽ እንደሆነ ስጠይቀው በአገጩ አመለከተኝ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ይዞኝ የሄደበት ነው።