እርማት፦ በሽብር በብዛት የሚሞተው ፈረንጅ አይደለም

ወንድሜ «ሽብር ማለት ሙስሊም ፈረንጅን ሲያጠቃ ነው» ያልከው ስህተት ነው፣ ብዙ ሰውም እንዲህ ስለሚያስብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቲቪ ላይ ፓሪስና ኒውዮርክ ደጋግሞ ስለሚታይ ነው እንጂ በቅርብ ዓመታት በዓለም ላይ በሽብር ከሚሞተው ሰው ግማሽ ያህሉ ሳህል ላይ ነው፣ ማለትም ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ማሊ፣ ኒጀር፣ ብዙዎቹ ሟቾች ደግሞ ራሳቸው ሙስሊሞች ናቸው። እዚሁ ጎረቤታችን ሞቃዲሾ ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም ዞቤ መጋጠሚያ ላይ ፈንጂ የጫነ መኪና ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው አለቀ እኮ! ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ባለፈው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ሐረጎ ላይ አንድ ጢሙን ያሳደገ ልጅ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጦ ከኋላ ያለችው ሴትዮ «ምን ይዞ ነው?» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማና ዚፑን ከፍቶ አሳየን፣ ብርድ ልብስና የእናቱ መድኃኒት። የልጁ ፊት እስካሁን አልጠፋኝም። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶ በሚኖርበት ወሎ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ያመመኝ። የሚጠረጠረው ድርጊት ነው፣ ጢም አይደለም። መናኸሪያ ላይ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ካየህ ግን አትንካው፣ ራቅ ብለህ ቶሎ ለፖሊስ ተናገር።