ለውድነሽ እያለቀስን፣ ጎረቤታችንን እየሸሸን

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። ደስ የሚለውን፣ የፋሲልን ግንብ፣ የጥምቀትን ድምቀት፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ ሌሎች አሳምረው ይነግሯችኋል፤ እውነትም ያኮራል። እኔ የመጣሁት ልወቅሳችሁ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ለተገፋች ሴት እናለቅሳለን፤ ከመጽሐፉ ቀና ስንል ደግሞ አጥር ለአጥር የምትኖረውን እንገፋለን።

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስም ያልሰማ ጎንደሬ የለም ማለት ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ያላነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። ታሪኩ የጎጃም ቢሆንም የያዝነው እንደ ቤታችን ታሪክ ነው፤ ሰብለ ወንጌል በተነሣች ቁጥር ሳግ የሚይዘው ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። ታዲያ ሁላችንም ስናነበው የምንቀመጠው ከተበዳዮቹ ጎን ነው። «ያ ፊታውራሪ መሸሻ እኔን ይመስላል» ያለ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ያነበበው ሁሉ ንጹሕ ከሆነ በዳዮቹ ከየት መጡ?

እስቲ ከሰብለ ወንጌል ቀድማ ወደምትመጣው ሴት እንሂድ። ብዙ ሰው ይዘልላታል። ውድነሽ በጣሙ፣ የበዛብህ እናት ናት። ባሎቿ እየሞቱባት ብቻዋን የቀረች ሴት። በዚያ ዘመን ሰው የሚሞትበት ምክንያት ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ ወባው፣ ተስቦው፣ ፈንጣጣው፣ ዘመቻው። አገሬው ግን ከዚህ ሁሉ ምክንያት መካከል የመረጠው እሷን ነው። እሷን ያገባ ይሞታል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ደጇን የሚረግጥ ጠፋ።

እዚህ ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን ብልሃት ልብ በሉ። ውድነሽን የሚያሰቃይ አንድ ክፉ ሰው አልፈጠረም። ቢፈጥር ኖሮ ለእኛ በተመቸን ነበር፤ እሱን ጠልተን በሰላም እናድር ነበር። በቦታው ያስቀመጠው «አሉ»ን ነው። «አሉ» ስም የለውም፣ መልክ የለውም፣ ከሽማግሌ ፊት አይቀርብም፣ ዳኛ አይከሰውም። የሴቲቱ ብቸኝነት የሚታየውም በዱላና በስድብ አይደለም፤ መምጣት የነበረበት ሰው ባለመምጣቱ ነው። የሚጽፉ ወጣቶቻችን ይህን ቢማሩት እወዳለሁ፤ ብዙዎቹ የተበደለች ሴት ለማሳየት ከገጽ ገጽ ያስለቅሷታል፣ ያስደበድቧታልም። እሱ ግን መንደሩን ብቻ አስወራ።

መጨረሻ ላይ የሚያገባት ማን ነው? ቦጋለ መብራቱ፣ እሱም በድህነቱ ከሰው በታች የቆመ ሰው። እዚህም አገሬው ተጸጽቶ ይቅርታ አልጠየቀም። ሁለት የተገፉ ሰዎች ተገናኙ፣ በቃ። ደራሲው ለማኅበረሰቡ ያላደረገውን ቸርነት አንባቢ በራሱ እየጨመረ «ከሁሉም በኋላ ደግ አገር ነው» ሲል ስሰማ እገረማለሁ። የት ገጽ ላይ ነው ደግ የሆነው?

ቀጥሉ። ልጃቸው በዛብህ በሕፃንነቱ በሕመም ሲሰቃይባቸው፣ ካደገላቸው ለእግዚአብሔር አገልጋይነት ሊሰጡት ተሳሉ። ሞት እግር እግሯን የሚከተላት ናት ስትባል የኖረች ሴት አንድ ልጇ ሲታመም ምን እንድታደርግ ትጠብቃላችሁ? እኔ ያን ስለት የማነበው ከአገሬው ወሬ ጋር አያይዤ ነው። ስለቱ በዛብህን አስሮ አሳደገው፤ የታሰረው ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለ አንዲት መበለት የተወራ ወሬ በመጽሐፉ መጨረሻ መቃብር ያስቆፍራል። ስታለቅሱ የምታለቅሱት ለመቃብሩ ብቻ ነው።

ሰብለ ወንጌልስ? የፊታውራሪ ልጅ ናት። ሆኖም አባቷ አጥንት ሲቆጥሩ፣ ይህ አይመጥንም ያም አይመጥንም ሲሉ ዕድሜዋ ነጎደ። ጠያቂ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ «ቁሞ ቀር» የምትባለው ግን እሷ። ይህን ፊት ለፊት የሚናገር አንድ ዘመድ ቢገኝ ስሙን «ጉዱ» አሉት። የወጣችውም በሯ ተከፍቶላት አይደለም፤ በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ነው። ከእሷ በፊት፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ውስጥም ጦቢያ መንገድ የምትወጣው ወንድ መስላ ነው። ሁለት ደራሲዎች፣ በመካከላቸው 58 ዓመት፣ ሁለቱም ዘንድ ሴት ልጅ በሰላም የምትሄደው ሴትነቷን ደብቃ ነው። አንዱ ከሌላው ኮርጆ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ያዩት ያንኑ አገር ነው።

«ይህ የጎጃም ነው፣ የድሮ ነው» እንዳትሉኝ። ቁስቋምን በእግራችሁ ወጥታችሁ እዩ። እቴጌ ምንትዋብ አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍተው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። መበለት ነበሩ፣ ገና ወጣት። የባላቸውን ዘመድ ኢያሱን ወደዱ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ጎንደር ምን አለች? ሰውየውን፣ በሴት የተቀለበ ለማለት፣ «ምልምል ኢያሱ» ብላ ስም አወጣችለት። ከእኛ ከተማ አፍ የወጣ ስም ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም። ዛሬ እንግዳ ስናስጎበኝ የእቴጌይቱን ግንብና ቤተ ክርስቲያን እያሳየን ደረታችንን እንነፋለን፤ ስሙን ያወጡት አያቶቻችን መሆናቸውን ግን ማንም አስጎብኚ ሲናገር አልሰማሁም። ዘውድ ለደፋች ሴት ያልታጠፈ ምላስ እንጀራ ጋግራ ሸጣ ለምታድር ይታጠፋል?

አይታጠፍም። በእኛ ሰፈር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ የሚከራይ ክፍል ጠየቀች። አከራይዋ እናት ናቸው፣ ቆራቢ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። «ባለቤትሽስ?» አሏት። «ዐርፏል» አለች። «ከእሱ በፊትስ አግብተሽ ነበር?» እውነቱን ተናገረች፤ እሱም ሞቷል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ዝም አሉ። ከዚያ «ነገ ተመለሺ» አሏት። በማግስቱ ክፍሉ ተይዟል ተባለ። እሷም ምናልባት የያዘው ሰው ከለቀቀ ብላ ስልክ ቁጥሯን በደብተር ወረቀት ጽፋ ሰጥታ ሄደች። ክፍሉን የያዘው ሰው የለም፤ በሩ ላይ ያው ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ነው። የኪራዩን ገንዘብ ይፈልጉታል፤ ባሎቿ የሚሞቱባትን «ገፊ» ከማስገባት ግን ባዶ ቤት መረጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ቡና ላይም ተወርቷል፤ «ምን ያድርጉ፣ እሳቸውም ልጆች አሏቸው» ተባለ እንጂ አንድ ሰው አልተቃወመም።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ማታ ማታ የጠላ ሻጯን ጠላ ጠጥቶ፣ ብሶቱን ነግሯት፣ ቀን መንገድ ላይ ሲያገኛት ዓይኑን የሚያሸሽ ወንድ በከተማችን ስንት ነው? ከከተማው ዳር ወዳለችው ወለቃ መንደር ወርዳ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ጀበና እየተቀበለች የሕፃኗን ፊት በነጠላ የምትሸፍነውስ? ጀበናው ቡዳ የለበትም ማለት ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከደነገገ ቆይቷል፤ ጎጂ ልማዶችንም ይከለክላል። ነገር ግን «ነገ ተመለሺ» የሚለውን ቃል በየትኛው ፍርድ ቤት ታስመሰክሩታላችሁ?

ጾም የምታውቁ፣ ንባብ የምታውቁ ሰዎች ስለሆናችሁ መጽሐፈ ጦቢትን ላስታውሳችሁ። የራጉኤል ልጅ ሣራ ሰባት ባሎች ሞተውባታል። የአባቷ ገረዶች «ባሎችሽን የምትገድዪ አንቺ ነሽ» እያሉ ሰደቧት፤ እሷም ከዚህ ስድብ ሞት ይሻለኛል ብላ ወደ ፈጣሪዋ ጸለየች። መልስ ሆኖ የተላከው መልአክ ቅዱስ ሩፋኤል ነው። እዚያም ገዳዩ ጋኔኑ ነበር እንጂ ሣራ አልነበረችም፤ ስምንተኛው ባሏ ጦብያም አልሞተም። ጳጉሜን 3 ቀን «ሩፋኤል» እያላችሁ በዝናቡ የምትታጠቡ ሰዎች፣ መልአኩ ከማን ወገን ቆሞ እንደነበር ረሳችሁት? ያን ዕለት በገረዶቹ ቃል የምታሙ፣ በሩፋኤል ስም የምትጠመቁ፣ ሁለቱን እንዴት አስማማችኋቸው?

አንዳንዱ «ታዲያ እኛ ለእነዚህ ሴቶች እናዝናለን» ይለኛል። ማዘናችሁንማ አየሁት። ለውድነሽም ያዘነላት አገሬው ራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ «ምስኪን፣ እንዲያው ዕድሏ ነው» እያለ። ሐዘኔታ ሰውን ከሩቅ አስቀምጦ የሚወረወር ስለሆነ አያስከፍልም። ደራሲው ያን አገር የሣለው ሐዘኔታ እያነሰው አይደለም፤ እያዘነም መንገድ እየቀየረ የሚሄድ አገር አድርጎ ነው።

ስለዚህ ለየራሳችሁ የምለው አለኝ። የንስሐ አባቶች፣ በሩፋኤል ቀን የሣራን ታሪክ ስታነቡልን ገረዶቹ ያሏትንም አትዝለሉ፤ ሕዝቡ በእነሱ ውስጥ የራሱን ፊት ይመልከት። የእድር ዳኞች፣ ባሏ የሞተባት ሴት በሟቹ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ትመዝገብ፤ ስብሰባም ላይ እንደማንኛውም አባል ትናገር። አስተማሪዎች፣ ለተማሪ «ሰብለ ወንጌልን ግለጽ» ብላችሁ የቤት ሥራ ከምትሰጡ፣ «ስለ ውድነሽ ማን ምን አወራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቡና የምታፈሉ እናቶቼ፣ «አሉ» የሚል ሰው ሲመጣ «ማን አለ?» በሉት፤ ስም ሲጠየቅ አብዛኛው ወሬ እዚያው ይሞታል።

እርስዎም እማማ፣ ይህን ልጅዎ ሲያነብልዎ እኔ እንደሆንኩ ያውቁኛል። ወረቀቱ ከመስኮትዎ ሥር ካለው ከስኳር ዕቃው በታች ነው፤ ቁጥሩም አልጠፋም። ይደውሉላት።