ዘንጉ ስንት ይችላል?

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም። በየግቢው የተደረደረው ጄሪካን ይናገራል። አንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል። ከተማዋ ደግሞ በየአቅጣጫው ሰፍታለች። የመገጭን ግድብ ለዓመታት ስንጠብቅ ኖረናል። ስለ ግድብ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ማንም ስለማያነሳው ነገር ነው። መንገድ ዳር፣ በብረት ክዳን ሥር፣ ጭቃ ውስጥ ስለተቀመጠው የቫልቭ ዘንግ።

ፈረቃ በተግባር ምንድነው? አንድ ሠራተኛ መፍቻውን ይዞ ይሄዳል። የአንዱን ሰፈር ቫልቭ ይዘጋል፣ የሌላውን ይከፍታል። ቫልቩ ብዙ ጊዜ ጌት ቫልቭ ነው። ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መዝጊያ አለ። መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ የወጣለት ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ከተበጠሰ መዝጊያው ባለበት ይቀራል። ተዘግቶ ሳለ ከተበጠሰ ያ ሰፈር ውሃ አጣ ማለት ነው። ከዚያ ቁፋሮ ይመጣል። ኮብልስቶኑ ይነሳል፣ መስመሩ ከላይ ይዘጋል፣ ምንም ያላጠፉ ሌሎች ሰፈሮችም አብረው ይጠማሉ።

እንዲህ ሲሆን ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከፋቹ በጉልበት ጠምዝዞ ሰበረው» ይባላል። ሠራተኛው ይወቀሳል፣ አንዳንዴም ከደመወዙ ይቆረጣል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ሰው በተራ መሣሪያ ሊሰብረው የሚችል ዘንግ ሲገዛ፣ ጥፋቱ የተጀመረው ገና ግዢው ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቶርክ ማለት የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የምንገፋበት ጉልበት በእጀታው ርዝመት ተባዝቶ ይገኛል። ጠንካራ ሰው 400 ኒውተን ገደማ ገፋ እንበል። ይህ 40 ኪሎ የማንሳት ያህል ነው። የቫልቩ ክብ እጀታ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው 50 ኒውተን ሜትር ነው። አሁን ያው ሰው፣ በያው ጉልበት፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ርዝመቱን 1 ሜትር አደረገው። 400 ኒውተን ሜትር ሆነ። ስምንት እጥፍ። ሰውየው ምንም የተለየ ነገር አልተሰማውም። እንዲያውም ሥራው ቀለለው። የተጨነቀው ዘንጉ ነው።

ለዘንጉ ይህ ምን ማለት ነው? ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ዘንግ በ50 ኒውተን ሜትር ሲጠመዘዝ፣ ቆዳው ላይ 32 ሜጋ ፓስካል ገደማ ጭንቀት ያርፍበታል፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 32 ኒውተን ማለት ነው። ይህን ተራ ናስም ይችለዋል። በ400 ኒውተን ሜትር ግን ጭንቀቱ 255 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ቫልቭ ላይ የሚገባው ተራ ናስ እዚያ ሳይደርስ ተጣሞ ይቀራል። ጥሩ ተደርጎ በእሳት የተሠራ ባለ 13 በመቶ ክሮም ብረት ይችለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሻጩ «ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር ነው» ሲል የሚለካው ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ግን ከጥርሱ ሥር ያለው ሥጋ ነው። የተለመደው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ፣ በጥርሶቹ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ርቀት ካለው፣ ከጥርሱ ሥር የሚተርፈው 15.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዘንግ የመጠምዘዝ ጥንካሬ የሚሄደው በውፍረቱ ኪዩብ ነው። ከ20 ወደ 15.5 ሲወርድ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይሆናል። ያ 255 ያልነው ጭንቀት 550 ገደማ ይደርሳል። አሁን ጥሩው ብረትም ይቸገራል። ስለዚህ አምራቹ ከዘንጉ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቆጥብ በብረት ዋጋ የሚያተርፈው ትንሽ ነው፤ እኛ በጥንካሬ የምናጣው ግን ብዙ ነው። በዓይን ሲያዩዋቸው ሁለቱ ቫልቮች አንድ ናቸው። ቀለማቸውም አንድ፣ የተጻፈባቸው የግፊት ልክም አንድ። አንዱ በዋጋ ይረክሳል፤ ጨረታውንም እሱ ያሸንፋል።

ሌላው ነገር የከተማችን አቀማመጥ ነው። ጎንደር ኮረብታ ላይ ነው ያለችው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ውሃ በየ10 ሜትሩ ሲወርድ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። መሐል ላይ ግፊቱን የሚሰብር ማጠራቀሚያ ወይም መቀነሻ ከሌለ፣ 100 ሜትር ዝቅ ያለ ቫልቭ 10 ባር ያርፍበታል። ባለ 100 ሚሊ ሜትር ጌት ቫልቭ በ10 ባር ተዘግቶ ሲቆም፣ ውሃው መዝጊያውን ከ7,800 ኒውተን በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ይህ የ8 ኩንታል ክብደት ያህል ነው። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ3 ቶን ያልፋል። መዝጊያው በዚህ ኃይል መቀመጫው ላይ ተለጥፎ ሳለ ነው ሠራተኛው «ክፈት» የሚባለው። ሲከፈት የመጀመሪያዋ ዙር ከሁሉም የምትከብደው ለዚህ ነው። ታች ያለው ሰፈር ቫልቭ ላይ ያለው ሠራተኛ ከላይኛው ሰፈር ጓደኛው ይልቅ ቢታገል፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ደለሉም አለ። አሸዋና ጭቃ የመዝጊያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ይዘጋል፣ መዝጊያው አሸዋው ላይ ያርፋል፣ ውሃው ግን ማለፉን አያቆምም። ድምፁ ይሰማል። አለቃው ደግሞ «አጥብቀው» ይለዋል። መዝጊያው ሲንቀሳቀስ ኃይሉ በእንቅስቃሴ ያልቃል። መዝጊያው ከቆመ በኋላ ግን የምንጨምረው ሁሉ መሄጃ የለውም። ዘንጉ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዝዘዋል። እዚያ ጋ መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። ጥቂት ዙር መልሶ መክፈት፣ ፈጥኖ የሚያልፈው ውሃ አሸዋውን እንዲጠርገው መተው፣ ከዚያ እንደገና መዝጋት። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም አይጎዳም።

ጌት ቫልቭ በየቀኑ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ የሚገዛ ዕቃ እንዳልሆነም ልብ እንበል። በተለመደ የውሃ መስመር ላይ ለጥገና ካልሆነ አይነካም። እኛ ጋ ግን በሳምንት ሁለቴ ቢከፈትና ቢዘጋ እንኳ በዓመት ከ100 ጊዜ በላይ ይሠራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ውሃውን ለመመጠን በግማሽ ተከፍቶ ይተዋል። ጌት ቫልቭ ለዚህ አልተሠራም። በግማሽ የተንጠለጠለ መዝጊያ በውሃው ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ዳዶ ጥርሱ ይበላል። የተበላ ጥርስ ሰበቃውን ይጨምራል፣ ሰበቃው ቶርኩን ይጨምራል። ትናንት በእጅ የዞረው ዛሬ ቧንቧ ይፈልጋል።

ታዲያ መፍትሔው ዘንጉን ዝም ብሎ ማወፈር ነው? አይደለም። ዘንጉ ከሁሉ ጠንካራ ከሆነ የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው። ዘንጉና መዝጊያው የተያያዙበት ቦታ ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ እጀታው ይዞራል፣ ሠራተኛው ዘጋሁ ይላል፣ መዝጊያው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚህ የከፋ የለም። ከውጭ ምንም አይታይም። ጥሩ ንድፍ አውጪ «አይሰበርም» ብሎ አይጀምርም። ከመጠን በላይ ጉልበት ሲመጣ የትኛው ክፍል ቀድሞ ይልቀቅ ብሎ ይወስናል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤፒአይ) ለነዳጅና ለጋዝ ሥራ የሚያወጣው ኤፒአይ 600 የተባለው የብረት ጌት ቫልቭ ደረጃ ይህን አስቦታል። ዘንጉና መዝጊያው የሚያያዙበት ቦታ ከዘንጉ ጥርስ ሥር ይልቅ ጠንካራ እንዲሆን ይጠይቃል። ስብራቱ ከሆነ አይቀር፣ ግፊት ካለበት ውስጥ ሳይሆን ከውጭ ይሁን ነው ነገሩ። ከውጭ የተሰበረ ይታያል። ይጠገናል።

ያው ተቋም ለቧንቧ መስመር ቫልቭ ያወጣው 6ዲ የተባለው ደረጃ ደግሞ ሁለት ጠቃሚ ነገር አለው። አንደኛው፣ ዘንጉና ከሱ ጋር የተያያዙት ክፍሎች፣ ቫልቩን ከቆመበት ለማስነሳት ከሚያስፈልገው ቶርክ ቢያንስ ሁለት እጥፍ እንዲችሉ ሆነው መሰላት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው እጀታው ላይ እንዲያሳርፍ የሚጠበቅበት ጉልበት ከ360 ኒውተን መብለጥ የለበትም። ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ሰውን በንድፉ ውስጥ አስገብቶታል። አንድ ሰው በጤናው ሊገፋው ከሚችለው በላይ የሚጠይቅ ቫልቭ ከመነሻው ስህተት ነው ይላል። የእኛ የውሃ መስመር በነዳጅ ደረጃ አይተዳደርም። የውሃ ቫልቭ የራሱ ደረጃዎች አሉት፤ እነሱም ናሙናው በቶርክ እንዲፈተን ይጠይቃሉ። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ቁጥሩ ይጻፍ፣ ቁጥሩ ይፈተን።

የቶርክ ገደብ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው ብሎ መደምደምም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ዋናው የውሃ አቅርቦት ተቋረጠ። መጠባበቂያውን ውሃ የሚያስተላልፉ ሁለት ቫልቮች በስህተት ተዘጉ። ሊከፈቱ ሲሞከር እምቢ አሉ። ሞተራቸውን ከመጠን በላይ እንዳይጠመዝዝ የሚያስቆም የቶርክ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ ይህ ማብሪያ ማጥፊያ በመነሻዋ ዙር እንዲታለፍ የሚያደርገው ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ግን በትክክል አልተስተካከለም ነበር። ስለዚህ የቶርክ ማብሪያ ማጥፊያው ገና በመነሻዋ ከባድ ዙር ላይ ሞተሩን አጠፋው። ሠራተኞች ወርደው በእጃቸው ከፈቷቸው። የአሜሪካ ኑክሌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1989 ለማመንጫዎቹ ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ የሞተር ቫልቮቻቸውን በትክክለኛ ሁኔታ እንዲፈትኑ ጠየቀ። ለዘንጉ ደህንነት የተቀመጠ ገደብ፣ ሥራው ከሚጠይቀው ቶርክ በታች ከሆነ ቫልቩ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ለመክፈት ስንት ይፈልጋል? ዘንጉ ስንት ይችላል? በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው የእኛ ደህንነት።

አሁን ያሉትን ቫልቮች በተመለከተ ነገ የሚጀመር ሥራ አለ። ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። የእያንዳንዱ ቫልቭ ሙሉ ዙር ይቆጠርና ይመዝገብ። ባለ 4 ኢንች ጌት ቫልቭ ብዙ ጊዜ በ14 ወይም በ15 ዙር ይዘጋል። ሠራተኛው ቁጥሩን ካወቀ፣ 9ኛው ላይ ሲቆም አሸዋ እንደያዘው ይረዳል፤ 15ኛው ላይ ደግሞ ትግሉን ያቆማል። የሚዘጋበት አቅጣጫ ክዳኑ ላይ በቀለም ይጻፍ። ወደ ቀኝ የሚዘጋም ወደ ግራ የሚዘጋም ቫልቭ ስላለ፣ የተዘጋውን እየዘጋ ዘንግ የሚበጥስ አለ። ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ጥቂት፣ ሩብ ዙር ያህል፣ መመለስም ልማድ ይሁን። ጫፍ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ይረዳል። በዝግታ መዝጋትም አይረሳ። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲቆም ግፊቱ በ10 ባር ገደማ ሊዘል ይችላል። የሚፈነዳው ቧንቧ ደግሞ የሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል።

ቧንቧ መሰካትን «ክልክል» ብሎ መለጠፍ ብቻውን አይሠራም። ሠራተኛው ቧንቧ የሚሰካው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። ከተወሰነ ቶርክ በኋላ የሚለቅ መፍቻ ይሰጠው። ጋራዥ ያለ መካኒክ ሁሉ ቶርክ መፍቻ ያውቃል። የመኪና ብሎን በቁጥር የሚጠብቅበት ከተማ ውስጥ፣ ሺህ ሰው የሚጠጣበት ቫልቭ በግምት መጠምዘዙ ልክ አይደለም።

ትልቁ ነገር ግን ጨረታው ነው። የመገጭ ውሃ ከተማ ሲደርስ አዳዲስ መስመሮች ይዘረጋሉ፣ ብዙ ቫልቮችም ይገዛሉ። የጨረታ ሰነዱ የቫልቩን ስፋትና የግፊት ልክ ብቻ ጠይቆ ካለፈ፣ ቀጭኑ ዘንግ እንደገና ያሸንፋል። አራት ነገር ይጨመርበት። በሙሉ ግፊት ለመክፈት የሚያስፈልገው ቶርክ። ዘንጉ ሳይጣመም የሚችለው ቶርክ። የዘንጉ ብረት ዓይነትና ከጥርሱ ሥር ያለው ውፍረት። ከመጠን ሲያልፍ ቀድሞ የሚለቀው ክፍል የት እንደሆነ። ይህን በጽሑፍ መመለስ የማይችል አቅራቢ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም ማለት ነው።

በወረቀት የተሰጠ መልስም ብቻውን አይበቃም። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ቫልቭ በዕጣ ይውጣ። ከተማችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ቶርኖ ቤቶችም አሏት። ቫልቩ በጊራ ይታሰር፣ በሚቆጥር መፍቻ ዘንጉ እስኪለቅ ድረስ ይጠምዘዝ። ለወጉ ያህል ሳይሆን ሠራተኞቹ ራሳቸው ባሉበት ይደረግ። የለቀቀበት ቁጥርና የተሰበረበት ቦታ ፎቶ ከውሉ ጋር ተያይዞ፣ ቀሪው ጭነት የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ይሁን።