ገንዘቡ ሐረጎን ይውረድ

ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ስለ ጸረ-ተባይ አደጋ የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር። እኔም ተጋብዤ ገባሁ። ባነር፣ እስክርቢቶ፣ የሻይ ሰዓት፣ ምሳ፣ አበል። ገንዘቡ ለገጠሩ ሕዝብ የጤናና የደኅንነት ትምህርት ተብሎ ከረጂ የመጣ ነው። መርጫ በጀርባው አዝሎ የሚያውቅ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ አላየሁም። አበሉን እኔም ፈርሜ ወስጃለሁ፤ ልደብቅ አልችልም።

በሳምንቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣ ቃሉ ያሉ ዘመዶቼ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ዘይት የምትቀዳበትን ዕቃ ሳይ ደነገጥኩ። የቱፎርዲ ዕቃ ነው፣ ያ የአረም መድኃኒት።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው!»

«ምን ነካህ ልጄ፣ በሳሙና አጥቤዋለሁ። ሽታውም የለ።»

ዕቃው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እንግሊዝኛ ነው። እሷ አማርኛውንም አታነብም። የተረፈው መርዝ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደሚሰርግ፣ ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው እዚያው መርጫው ውስጥ እንደሚደፋ፣ ከዚያም ዕቃው እንደሚበሳ ማን ነግሯት?

እህል እንዳይነቅዝ የሚደረገው የነቀዝ ክኒን ደግሞ ይብሳል። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ የለውም። የእኛ ሰው እህሉን የሚያስቀምጠው ደግሞ እዚያው ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ ተብሎ። ክትባቱ፣ ወሊዱ፣ ወባው፣ ሽንት ቤቱ፣ በዚያ ላይ ሪፖርቱ፤ ሁሉም እነሱ ላይ ነው። ብቻቸውን የትኛውን ይያዙት?

ወሎ ግን ቅሬ አለው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። እኛ አበል ከፍለን የምንለምነውን ሰው፣ ቅሬው ቅጣት እያስከፈለ ይሰበስበዋል! ከቀብር መልስ ሰው ተቀምጦ ሲያወራ፣ አንድ መርጫ ይዞ «ዕቃው እንዲህ ይታጠባል» ብሎ ማሳየት ስንት ብር ይፈጃል?

የረጂዎቹን መልስ አውቀዋለሁ። ቅሬ ደረሰኝ የለውም፣ ኦዲት አያውቅም። እውነት ነው። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የአዳራሹ ሥልጠና ግን የፕሮጀክት ሥራ ተብሎ ስለሚመዘገብ ገደቡ አይነካውም። ደረሰኙ ሙሉ ነው፤ አክስቴ ጋ ግን አልደረሰም። እና በትንሹ ይጀመር። ለአንድ ቅሬ ጓንት፣ መነጽርና መርዙ የሚቆለፍበት አንድ የብረት ሳጥን። ገንዘብ ያዡ ይፈርማል፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትመሰክራለች። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ መድኃኒት የሚሸጠውም ከዕቃው ጋር ሁለት ቃል ምክር ይጨምር።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያስቆም ስንቱ ፕሮጀክት እንደተዘጋ አይተናል። የቀረችው ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይ የምትሆን አይደለችም።

ለአክስቴ አዲስ የዘይት ዕቃ ገዛሁላት። አሮጌውን ልበሳው ብዬ ቢላዋ ሳነሳ ጎረቤቷ ከደጅ ብቅ አለች።

«ውይ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይበሳል? ለኔ ስጠኝ እንጂ!»