ማስተካከያ፦ ትንሿ የልብ ፓምፕ ለዓመታት አትቆይም

ባለፈው ኢምፔላ ስለምትባለው ትንሽ የልብ ፓምፕ ስጽፍ «አንዴ ከገባች ለዓመታት ትሠራለች» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ጊዜያዊ ድጋፍ ናት። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው የፈቃድ ሰነድ መሠረት፣ ልብ በድንገት ደም መርጨት ሲያቅተው ሲፒ የተባለችው የኢምፔላ ዓይነት እስከ 4 ቀን፣ 5.5 የተባለችው ዓይነት ደግሞ እስከ 14 ቀን ነው የተፈቀደላት። ከእርሳስ የማትወፍር ነገር ናት፤ ሲፒ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት የደም ቧንቧ ገብታ ከግራው የልብ ክፍል ደም እየሳበች ወደ ትልቁ ቧንቧ ትገፋለች፣ ሽቦዋም አልጋው አጠገብ ካለ ማሽን ጋር ስለሚያያዝ ይዟት ቤቱ የሚገባ ሰው የለም። ለዓመታት የሚያገለግለው በቀዶ ጥገና የሚገባው ኤልቫድ ነው፣ ሌላ መሣሪያ። ያንን ጽሑፍ አይቶ ለአባቱ ማሳከሚያ በሬ ሊሸጥ የተነሳ የቢቸና ልጅ ደውሎልኝ ነበር። ወንድሜ፣ በሬው ይቆይ፤ መጀመሪያ የልብ ሐኪሙን አነጋግር።