990 ሺህ ሉመን በ900 ብር

ባለፈው ሰሞን መርካቶ ወርጄ ባትሪ ገዛሁ። የእጅ ባትሪውን ማለቴ ነው። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ሻማ ይፈለጋል፣ ሻማውን ለመፈለግ ደግሞ መብራት ያስፈልጋል፣ እንዲህ ስንደናበር መብራቱ ተመልሶ ይመጣል። ሰለቸኝ።

ሻጩ ካርቶኑን አገላብጦ አሳየኝ። በትልቁ «990000 ሉመን» ይላል፣ የብርሃኑ ልክ መሆኑ ነው። ከስሩ «5000 ሜትር»። ፊቱ ላይ ሰባት ኤልኢዲ እንደ ማር እንጀራ ተደርድሯል። «ወንድሜ፣ ሰው ላይ እንዳታበራው፣ ዓይን ያጠፋል» አለኝ፣ ከልቡ እንዳዘነ ሰው። ዋጋው 1500 ነው። እኔም የሰፈሩን ሕግ አውቃለሁና ከ600 ጀመርኩ፤ አያዋጣም አለ፣ ሄድኩ፣ ጠራኝ፣ ተመለስኩ፣ 900 ላይ ተስማማን። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ።

ማታ ነው የባነንኩት። ለካ ብሩን ብቻ ነው የተከራከርኩት! ሉመኑም እኮ የመጀመሪያ ዋጋ ነበር። እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦ «990 ሺህ? ተው እንጂ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ።» «አንተ ስንት ትላለህ?» «800።» «800 ሺህ?» «አይ፣ 800 ብቻ።»

800 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ሉመን ማለት ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው፤ ያ ድሮ ሳሎናችን መሃል ተንጠልጥሎ የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር። አንድ ሻማ ደግሞ 12 አካባቢ። በካርቶኑ ሒሳብ ከሄድን እኔ በ900 ብር ከ80 ሺህ ሻማ በላይ ገዝቻለሁ ማለት ነው፤ የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይን ብቻዬን ላደምቀው እችላለሁ።

እስቲ እንቁጠረው። ደህና ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ይሰጣል እንበል። 990 ሺህ ሉመን ለማውጣት 9900 ዋት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላው 3500 ዋት ገደማ ነው። እና እኔ በኪሴ ይዤ የምዞረው ሦስት ምጣድ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነገር ነው! ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ማን መሰላችሁ? 18650 የምትባል፣ ውፍረቷ 18 ቁመቷ 65 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት ድንጋይ። የዚህ ዓይነት ድንጋይ ምርጡ እንኳ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። የኔዋ ላይ 9900 ተጽፏል። (እሷም ከቤተሰቡ ተምራ ነው።) ምርጧ ናት ብለን ብንቀበላት እንኳ፣ ካርቶኑ እውነት ከተናገረ አምስት ሴኮንድ ሳትሞላ ታልቃለች። አብርቼ ጫማዬን ሳላደርግ።

«ሰባት ኤልኢዲ ነው እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፤ እንጀራቸው፣ ድንጋይዋ ማለቴ ነው፣ ግን አንድ ነው። ሰባት ልጅ ከበበው ማለት ሰባት እንጀራ ቀረበ ማለት አይደለም፣ ለየአንዳንዱ ቁራሽ ነው የሚደርሰው።

ርቀቱማ ሌላ ጉድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የባትሪ መለኪያ አለ። በዚያ መለኪያ የብርሃኑ ርቀት የሚባለው፣ ጨረሩ እየደከመ ሄዶ የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ የሚቀርበት ቦታ ነው። ማለትም ሐቀኛው ባትሪ እንኳ «200 ሜትር» ሲል እዚያ ጋ ጨረቃ ወጣች ማለቱ ነው። የኔው አጥራችን ላይ ያለውን ድመት ለማየት ተቸግሮ ነበር።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይሠራል። ብልጭ ድርግሙ። ለማጥፋት ስትጫኑት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ እንደ አምቡላንስ ይብለጨለጫል፣ ከዚያ «ድረሱልኝ» የሚለውን ምልክት ይሰጣል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሽንት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ በመስኮት «ምን ሆናችሁ?» አለ።

ቅዳሜ አጎቴ ከገጠር መጣ። ሌሊት ጅብ እየከለከለ ያደገ ሰው ነው፣ በዚያ በብርማው ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ ሲብስበት በጥርሱ እየነከሰ። ካርቶኑን ሰጠሁት። ቁጥሩን በጣቱ ተከተለና «የማን ስልክ ነው?» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ብርሃኑ ነው!»

ባትሪውን ተቀብሎ በእጁ መዘነው፣ አንዴ ወደ ጣሪያው አበራ፣ ዝም አለ።

«ስንት ድንጋይ ነው የሚጎርሰው?»

«አንድ።»

«እና ይሄን ሁሉ አፍ ምን ያደርግለታል?» ብሎ መለሰልኝ።