«ተቃውሜ ነበር» ስንት ያወጣል?

የአገራችን ባለሥልጣን ምስጋና ይገባዋል። በየስብሰባው ሲያጨበጭብ የዋጠውን እውነት ሳያበላሽ ይዞ ቆይቶ፣ ከወንበሩ በተነሣ ማግስት በግለ ታሪክ መጽሐፍ አስጠርዞ ያስረክበናል። እኛም ብልሆች ነን፤ ያኔ ቢናገረው በነጻ እንሰማው የነበረውን ዛሬ በብር እንገዛለን።

ችግሩ መጻሕፍቱ መብዛታቸው ነው። የትኛው እንደሚሸጥ ቀድሞ ማወቅ ለሚሻ አሳታሚ ግን መላ አለ።

መጀመሪያ «እኔ ተቃውሜ ነበር» የሚለው ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጠር። በየሃያው ገጽ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ አንባቢው «ታዲያ እጁን ያወጣው ማን ነበር?» ማለት ይጀምራል። ከደርግ ሰው የሚፈለገው አንድ ሌሊት ነው፤ ስድሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ የተረሸነበት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.። ይህን በሁለት አንቀጽ የዘለለ መጽሐፍ መጋዘን ይከራይ። የኢሕአዴግ ሰው ከሆነ ደግሞ የ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍልና የ1997ቱ ምርጫ ይጠበቁበታል። የልጅነት እረኝነቱ ከ30 ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከብቶቹን ማንም አይከስም።

በ2004 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት ተፋጠው ነበር፤ የአቶ በረከት ስምዖን «የሁለት ምርጫዎች ወግ» እና የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን»። አንዱ ደራሲ ሥልጣን ላይ፣ ሌላው ዚምባብዌ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው መጽሐፍ ገዥ አያጣም፣ የሚቸግረው አንባቢ ነው። «ትግላችን» ግን ገና ገበያ ሳይገባ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? የማይነበብ መጽሐፍ ማን ይሰርቃል! አሳታሚው ክብሩን በኪሳራ መዝገብ ላይ ያስፍረው።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲኬድ ጥበብ ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ይህም አንድ «እጥፍ» ይባላል፤ 400 ገጽ ልክ 25 እጥፍ ይሆናል። ደራሲው አምስት ገጽ «ምስጋና» ከጨመረ ግን 26ኛ እጥፍ ይከፈትና 11 ገጽ ባዶ ይቀራል። አትደንግጡ፦ የሹመት ደብዳቤ፣ የኩባ ሥልጠና ሰርተፊኬት፣ ከእንግዳ መሪ ጋር የተነሡት ፎቶ (የመሪው ግማሽ ፊት ቢቆረጥም) ይሞላዋል።

የስም ማውጫ ግን በፍጹም! የቀድሞ ባልደረቦች መደብር ቆመው ከኋላ ገልጠው፣ ስማቸውን ፈልገው፣ ተሳድበው መጽሐፉን መልሰው ይሄዳሉ። ማውጫ ከሌለ ስድቡን ፍለጋ ሙሉውን ለመግዛት ይገደዳሉ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ሠላሳ በመቶና ከዚያም በላይ ስለሚቆርጥ፣ የተሰደበ ደንበኛ አንድም አይናቅም።

ሁሉ ካልሠራ ስሙ የተነሣ አንድ ጄኔራል «የሐሰት ድርሰት!» ብሎ የመልስ መጽሐፍ እንዲጽፍ መጸለይ ነው። ያኔ ሁለቱም ይሸጣሉ። መጽሐፍ አዟሪው ይህን ከአሳታሚ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ከክንዱ እስከ አገጩ ከደረደረው ክምር ከሳሹንና ተከሳሹን ጎን ለጎን ያወጣና «ሁለቱን ከወሰድክ እቀንስልሃለሁ» ይላል።